ቀጭን ድምፅ፣ ቀጭን መስመር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። አጎቴ ማሲንቆ ይጫወታል። እናቴ አንዳንዴ ከበሮ ትመታለታለች። አርባ ደቂቃ ያህል በስልኬ ቀድቻቸዋለሁ። ሰው የማይታይበት፣ ድምፁ ራሱ ምስል የሚሆንበት አጭር ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ። ድምፅን ወደ ምስል ይቀይራል በተባለ አፕ ስሞክረው የሚዘሉ ዘንጎች ወጡልኝ። ጓደኞቼ "ይሄማ ድሮ ኮምፒውተር ላይ ዘፈን ሲከፈት የሚመጣው ነው" ብለው ሳቁብኝ። ያለኝ አንድ ስልክና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ እያልኩ ልቀጥል። ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። ግን ያሳቃቸው ሐሳብሽ አይደለም፤ አፑ ነው።

አፑ የሚያደርገው ቀላል ነገር ነው። ድምፁን በጣም አጫጭር አድርጎ ይቆራርጠዋል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ ምን ያህል ጉልበት አለው፣ መካከለኛውስ፣ ቀጭኑስ ብሎ ይለካል። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ዘንግ ያቆማል። በቃ። ለጭፈራ ቤት ሙዚቃ ይሆናል፤ ምቱ ዱም ሲል ዘንጉ ይዘላል። ማሲንቆ ግን ሌላ ነው። ያለው አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ነው። ደጋኑ አውታሩን ሳይለቅ ሲመላለስ ጉልበቱ ብዙም አይለዋወጥም። ጣትም አውታሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ነካ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ድምፁ ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ደርሶ ይመለሳል። የአጎትሽ ሙያ ያለው እዚያ መንሸራተት ውስጥ ነው። ዘንጎቹ እሱን አያዩትም። ቆመው ይንቀጠቀጣሉ እንጂ።

እና ከሶፍትዌር በፊት አንድ ነገር መወሰን አለብሽ። ከዚህ ድምፅ ውስጥ የትኛውን ነው ማየት የምፈልገው? ጉልበቱን? ቅጥነትና ውፍረቱን? ቃናውን? ምቱን? ሁሉንም ካልሽ ሁሉም ይጠፋብሻል። ለማሲንቆው አንዱን ብቻ ምረጪ። እኔ ብሆን ቅጥነቱን እመርጥ ነበር።

ለምን? አጎትሽ ጣቱን ወደ ታች፣ ወደ ገበታው ሲያስጠጋ ድምፁ ምን ሆነ ትያለሽ? «ቀጠነ»። ወደ ላይ ሲመልሰውስ? «ወፈረ»። እንግሊዞች በዚህ ቦታ «ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ» ነው የሚሉት። ኖታቸውም መሰላል ይመስላል። ስለዚህ ድምፅን በምስል ሲሠሩ ብዙዎቹ ሳያስቡት ቀጭኑን ድምፅ ስክሪኑ አናት ላይ፣ ወፍራሙን ግርጌው ላይ ያደርጉታል። እኛም ከኢንተርኔት ስንማር ያንኑ እንገለብጣለን። ግን ይህ የቋንቋ ልማድ ነው። በእኛ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ማለት ጮክ በል ማለት ነው። ቀጭን ድምፅ ወዴትም አይወጣም፤ ይቀጥናል።

ስለዚህ የፊልምሽ የመጀመሪያ ሕግ ይህ ይሁን። አንድ መስመር። ድምፁ ሲቀጥን መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲወፍር ይወፍራል።

የቋንቋ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። ፊልሙ ራሱ ከእኛ ጋር ነው የሚስማማው። በድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ድምፁ የሚቀመጠው ከምስሉ ጎን ባለች ጠባብ ሰረዝ ላይ ነበር። ፕሮጀክተሩ በዚያች ሰረዝ ውስጥ ብርሃን ያሳልፋል። እዚያ ያለው ጥቁርና ነጭ ብርሃኑን አንዴ ያግደዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። ከወዲያ በኩል ያለ ብርሃን ተቀባይ ያንን መፈራረቅ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ስፒከሩ ደግሞ ወደ ድምፅ። ማለትም ድምፅ በዓይን ይታይ ነበር። በዓይን የሚታይ ነገር ደግሞ በእጅ ይሣላል።

ሣሉትም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ጀርመናዊው ኦስካር ፊሺንገር ጌጥ የመሰሉ ቅርፆችን ወረቀት ላይ ሥሎ፣ በካሜራ አንሥቶ ወደዚያች የድምፅ ሰረዝ አስገባቸው። ማንም ያልተጫወተው፣ ማንም ያልቀዳው ድምፅ ወጣ። ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ የሠራው ኖርማን ማክላረን ደግሞ በ1971 «ሲንክሮሚ» በተባለ አጭር ፊልሙ አንድ እርምጃ ጨመረ። ድምፁን የሚያወጡትን እነዚያኑ ጥቁርና ነጭ ሰንበሮች ቀለም ሰጥቶ ወደ ምስሉ ቦታ አመጣቸው። የምታይው ነገርና የምትሰሚው ነገር አንድ ሆነ። ትርጓሜ የለ፣ ማስመሰል የለ። እንግሊዛዊቷ ሊዝ ሮድስም በ1975 ሁለት ፕሮጀክተሮችን ፊት ለፊት አቁማ ጥቁርና ነጭ መስመሮችን ስታሳይ የሚሰማው ድምፅ የዚያው የመስመሮቹ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እዪው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ይሄዳል። በአንዱ ፍሬም ቁመት ላይ 10 ጥቁር መስመር ብታሰምሪ በሰከንድ 240 መፈራረቅ ይሆናል። ይህ 240 ኸርዝ ነው፤ መካከለኛ ድምፅ። መስመሮቹን 20 ብታደርጊያቸው 480 ይሆናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ግን 20 መስመር በዚያው ቦታ እንዲገባ እያንዳንዱ መቅጠን አለበት። ቀጭን መስመር፣ ቀጭን ድምፅ። ማክላረን አማርኛ አያውቅም ነበር፤ ሰንበሮቹ ግን ያውቁ ነበር።

(በነገራችን ላይ የእናትሽን የነጠላ ጥለት ፎቶ አንሥተሽ በዚሁ መንገድ ወደ ድምፅ መለወጥ ትችያለሽ። ጥለት ከዚያች የድምፅ ሰረዝ ጋር ወንድምና እህት ነው። ግን ያ ሌላ ፊልም ነው፤ አትዘናጊ።)

ወደ ሥራው እንግባ። ከአርባ ደቂቃው ውስጥ ለመጀመሪያ አርባ ሰከንድ ምረጪ። እናትሽ ከበሮ የማትመታበት፣ አጎትሽም የማይዘፍንበት ቦታ ይሁን፤ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ የትኛውን እንደሚለካ ግራ ይገባዋል። ፕራት የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የተሠራው ለቋንቋ አጥኚዎች ነው፤ ሰው ሲናገር ድምፁ እንዴት እንደሚቀጥንና እንደሚወፍር ይለካል። ቀላል ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ማሲንቆውን ስጪው። እያንዳንዷ ቅጽበት ስንት ኸርዝ እንደሆነች በቁጥር ይዘረዝርልሻል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ድንገት እጥፍ ወይም ግማሽ ይቆጥራል። የት እንደተሳሳተ በጆሮሽ ለይተሽ አርሚው። ይህን አትዝለዪ። አንድ የተሳሳተ ቁጥር መስመርሽን እንደ ሽቦ ያስፈነጥረዋል።

ቪዲዮሽን በሰከንድ 25 ፍሬም አድርጊው። 24 ሳይሆን 25 ያልኩሽ ለመብራታችን ስል ነው፤ እመለስበታለሁ። አርባ ሰከንድ 1000 ፍሬም ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም አንድ የኸርዝ ቁጥር አለሽ። ውፍረቱን እንዲህ አስቢው፦ 6000ን ለኸርዙ አካፍዪ። 200 ኸርዝ ሲሆን መስመሩ 30 ፒክሰል ይወፍራል። 400 ሲሆን 15። ድምፁ እጥፍ ሲቀጥን መስመሩም በግማሽ ይቀጥናል። 6000 የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ ስክሪንሽ ላይ ደስ እስኪልሽ ቀያይሪው። ግን አንዴ ከመረጥሽው ፊልሙ እስኪያልቅ አትንኪው።

ኮዲንግ ትንሽ ከሞከርሽ ፕሮሰሲንግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ካልሞከርሽ በእጅሽ ሥሪው። የምሬን ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ሁለት ፍሬም ካቆየሽው 500 ሥዕል ይበቃሻል። በቀን 50 ብትሥዪ ዐሥር ቀን ነው። የእጅ መስመር ይንቀጠቀጣል፤ ማሲንቆም ይንቀጠቀጣል። እኔ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ይህን እወዳለሁ።

ከበሮውስ? ከበሮ ያለበትን ቦታ በኋላ ስትሠሪ ለከበሮው መስመር አትስጪው። ማሲንቆ ይፈሳል፣ ከበሮ ይወድቃል። ለእሱ የሚስማማው መቁረጥ ነው፤ ድንገት ጥቁር፣ ድንገት ነጭ፣ ወይም መስመሩ ያለበት ቦታ መቀየር። የከበሮ ትልቁ ፊት ወፍራም፣ ትንሹ ፊት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ለትልቁ ሙሉ ስክሪኑን፣ ለትንሹ ጥጉን ብቻ ብትሰጪ ዓይን ወዲያው ይለየዋል። እናትሽ በደቂቃ 100 ጊዜ ብትመታ በየ15 ፍሬሙ አንድ ምት አለሽ። ሰው ግን ማሽን አይደለም፤ አንዱ በ14፣ አንዱ በ16 ይመጣል። አታስተካክዪው። የድምፁን ሞገድ ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍተሽ እያንዳንዱን ምት በዓይንሽ ፈልጊና ቁጥሩን ጻፊ።

አንድ የልምድ ነገር። ምስሉና ምቱ እኩል የማይመስሉሽ ከሆነ ምስሉን አንድ ፍሬም አስቀድሚው። ዓይናችን ከሩቅ የሚመታ ከበሮ ለምዷል፤ እጁ መጀመሪያ ይታያል፣ ድምፁ በኋላ ይደርሳል። ድምፁ ከምስሉ ከቀደመ ግን ሁሉም ሰው የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል፣ ምን እንደሆነ ባይነግርሽም።

ድምፁ ብዙ ሲዘገይም እንደሚበላሽ የተማርኩት በውርደት ነው። ከዓመታት በፊት ስድስት ደቂቃ የሚሆን እንዲህ ያለ ፊልም ሠርቼ አንድ አዳራሽ አሳየሁ። ስሙ ይቅር። ሦስት ወር የለፋሁበት ነው፤ እያንዳንዱ ምት በፍሬም የተቆጠረ። የአዳራሹ ሰውዬ «ገመድ አያስፈልግም፣ ብሉቱዝ አለን» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ያዘገየዋል። የእኔ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከበሮው ምስሉን ሦስትም አምስትም ፍሬም ዘግይቶ እየተከተለ ስድስት ደቂቃ አለፈ። ሰው በትሕትና አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሥዕሉም ጥሩ ነው፣ ዘፈኑም ጥሩ ነው» አሉኝ። ለየብቻ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ሜትር ገመድ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

ካሜራ ያለው ሥራ ከፈለግሽ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አለ። ጥልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውሰጂ። አፉ ላይ ጥቁር ፌስታል ወጥሪና በላስቲክ እሰሪው፤ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠር። ስፒከሩን ከመወጠርሽ በፊት ሳህኑ ውስጥ አስገቢው። ከላይ አንድ እፍኝ ነጭ ጤፍ በትኚ። እናትሽ «ጤፍ በዚህ ዋጋ!» ካሉሽ ጨው ይተካዋል፤ ግን ጤፍ ክብ ስለሆነ አካሄዱ ያምራል። ድምፅ ሲለቀቅ ጤፉ ከሚንቀጠቀጠው ቦታ እየሸሸ ወደ ረጋው ቦታ ይሰበሰባል። ቅርፅ ይወጣል። ይህን በ1787 በመጽሐፍ ያወጣው ጀርመናዊው ኧርነስት ክላድኒ ነው። እሱ የብረት ዝርግ ላይ አሸዋ በትኖ ጠርዙን በቫዮሊን ደጋን ነበር የሚገዘግዘው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይናደዳል። ማሲንቆውን እንዳለ ከለቀቅሽው ቅርፅ አይወጣም፤ ጤፉ ዝም ብሎ ይራወጣል። ቅርፁ የሚረጋው ድምፁ አንድ ቦታ ሲቆም ብቻ ነው። አጎትሽ ደግሞ አይቆሙም። ስለዚህ «አጎቴ፣ እስቲ አንዱን ድምፅ ብቻ ይያዙልኝ» በያቸው። ዐሥር ሰከንድ ወፍራሙን፣ ዐሥር ሰከንድ ቀጭኑን። ወፍራሙ ሰፋፊ ቅርፅ ይሰጥሻል፣ ቀጭኑ ደቃቅና የተጠጋጋ። ያው እንደ ሰንበሮቹ፤ ቀጭኑ ይቀጥናል። ይህን ፊልሙ መሐል ለአንድ አፍታ አስገቢው እንጂ ሙሉ ፊልም አታድርጊው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የሳይንስ ትምህርት ይመስላል።

ሌላው መስታወት ነው። የቲማቲም ቆርቆሮ ከሁለቱም ወገን ክፈቺ። በአንዱ በኩል ፊኛ ወጥሪ። ፊኛው ላይ የጥፍር ያህል የመስታወት ስባሪ ለጥፊ። ሌዘር መስታወቱ ላይ አሳርፊና ነጸብራቁን ጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ጣዪው። በሌላው አፍ ማሲንቆው ሲጮህ ነጥቧ ወደ ጠመዝማዛ መስመር ትለወጣለች። ፈረንሳዊው ሊሳዡ በ1857 ይህን የመሰለ ነገር በመስታወትና በሚጮህ ሹካ ብረት አሳይቷል። ለማሲንቆ ከጤፉ የሚሻለው ይህ ነው፤ መንሸራተቱን ይከተላል። ሌዘሩ ወደ ማንም ዓይን እንዳይሄድ ብቻ ተጠንቀቂ። ከካሜራሽ ሌንስም አርቂው።

መብራት ያልኩሽ ይህን ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ለዚያ 25 ፍሬምና የ1/50 ሰከንድ ሸተር (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ይስማማዋል። ስልክሽ ላይ ስሎው ሞሽን ከከፈትሽ ግን የአምፖሉ ጥቅሻ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያኔ በፀሐይ ወይም በባትሪ ብርሃን ቅረጪ። ብርሃኑ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ ጤፉ ጥላ ሲኖረው ነው የሚታየው።

ሕግ ሕግ እያልኩ አስጨነቅኩሽ መሰለኝ። ፊሺንገር ራሱ በ1947 «ሞሽን ፔይንቲንግ ቁጥር 1» የሚለውን ሲሠራ ሕጉን ላላ አድርጎታል። ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በዘይት ቀለም ይቀባል፣ አንድ ፍሬም ያነሣል፣ እንደገና ይቀባል። ሙዚቃው የጀርመናዊው አቀናባሪ የባኽ ነው። ግን ቀለሙ እያንዳንዱን ኖታ አይከተልም። አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ የራሱን መንገድ ይሄዳል፣ ከዚያ ይገናኛሉ። አንቺም አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሕግሽን ስበሪ። የት እንደሆነ አጎትሽ ይነግሩሻል፤ ዓይናቸውን የሚጨፍኑበት ቦታ ነው።

ዝምታውንም አትርሺ። ደጋኑ አውታሩን ሲለቅ ስክሪኑ ላይ ምን አለ? እኔ ምንም ባይኖር እላለሁ። ጥቁር። አፑ ያልገባው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ዝም ሲባልም መንቀጥቀጡን አይተውም።

ለማየት የሚሆን ነገር ከጠየቅሽኝ ሩቅ አትሂጂ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢና ጣሪያውን ቀና ብለሽ እዪ። የመላእክቱ ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። አንዱ ከሌላው ጋር አንድ ይመስላል፤ ግን ዓይኑ ትንሽ ዞሯል፣ ቅንድቡ ትንሽ ተነሥቷል። ከከተማችን ውስጥ ፊልም ጥቅል የሚመስል ነገር ቢኖር እሱ ነው። እኔ ዓይኔን ከረድፍ ወደ ረድፍ ስወስደው ይንቀሳቀሱብኛል።

የድጓ ምልክቶችንም የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቂ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አደራጇቸው የሚባሉት ማለቴ ነው። ከቃሉ በላይ የተጻፉ ነጥቦች፣ ጭረቶችና ቅስቶች ናቸው። ስማቸውን ብቻ አዳምጪ፦ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ። ድምፁ የት እንዳለ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ነው የሚናገሩት። «ርክርክ» የሚለውን ቃል ሰምቶ መስመር መሣል የማይችል ሰው ያለ አይመስለኝም። ምልክቶቹን ግን ገልብጠሽ ለጌጥ ስክሪን ላይ አትበትኚ። የጸሎት ጽሑፍ ናቸው። አስተሳሰባቸውን ውሰጂ።

አንድ የመጨረሻ ምክር፣ ከቴክኒክ ውጪ። አጎትሽን አስፈቅጂ፤ ስማቸውንም እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ጠይቂ። ፊልሙ ሰው የማይታይበት ስለሆነ ስማቸው ብቻ ነው የሚታየው።

አርባ ሰከንዱ ሲያልቅ ለማንም ከማሳየትሽ በፊት ድምፁን አጥፊና ለአጎትሽ አሳዪያቸው። ምንም አትንገሪያቸው። እጃቸውን ተመልከቺ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ከጀመረ፣ ወይም የትኛው ዜማ እንደሆነ ካወቁት፣ ለእኔም ላኪልኝ። ካላወቁት ያን 6000 የሚለውን ቁጥር እንደገና እዪው።